የጥቅል ነዶ፦ ከሜኑ የታጣው የሰርቨር ማዋቀሪያ

ፌዶራ ኮር የተባለው የሊኑክስ ስርጭት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2003 ሲወጣ ከሬድ ሃት ሊኑክስ የወረሳቸው በርካታ ማዋቀሪያዎች ነበሩት። በማውስ እየተጫኑ የድር ሰርቨር፣ የፋይል መጋሪያ ወይም የዲኤንኤስ አገልግሎት የሚያሰናዱባቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች ናቸው። ስማቸው መጀመሪያ ላይ «ሬድሃት-ኮንፊግ» እያለ ይነሳ ነበር፤ በ2004 ከወጣው ሁለተኛ እትም ወዲህ «ሲስተም-ኮንፊግ» ሆነ። ሲስተም-ኮንፊግ-ሳምባ ከዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ጋር ፋይል ለመጋራት ነው፤ ሲስተም-ኮንፊግ-ኤንኤፍኤስ በሊኑክስና በዩኒክስ ማሽኖች መካከል ለመጋራት፤ ሲስተም-ኮንፊግ-ኤችቲቲፒዲ ደግሞ አፓቼ የተባለውን የድር ሰርቨር ለማዋቀር። መመሪያዎቹ እነዚህን «ሰርቨር ሴቲንግስ» ከሚለው ንዑስ ሜኑ ታገኛላችሁ ይሉ ነበር።

ሜኑውን ከፍቶ ያጣቸው ሰው ግን ጥቂት አልነበረም። የሰዓቱ፣ የኪቦርዱ፣ የፕሪንተሩ ማስተካከያ ሁሉ በየቦታው አለ፤ «ሰርቨር ሴቲንግስ» የሚል መስመር ብቻ የለም። እንዲህ ሲሆን ቶሎ የሚመጣው ጥርጣሬ «ስጭነው አበላሽቼዋለሁ» የሚል ነው። እንደገና ቢጫንም ያው ምርጫ እስከተመረጠ ድረስ ውጤቱ አይለወጥም።

የተበላሸ ነገር አልነበረም። የዚያን ጊዜው ጫኚ አራት ዓይነት አጫጫን ያቀርብ ነበር፦ የግል ዴስክቶፕ፣ የሥራ ጣቢያ፣ ሰርቨር፣ በራስ ምርጫ። ዴስክቶፕ ያለ ሰው መስኮቶቹንና አይከኖቹን ያገኛል፣ የሰርቨር ማዋቀሪያዎቹ ግን አብረው አይመጡለትም። ሰርቨር ያለ ደግሞ አገልግሎቶቹን ያገኛል፣ ራሱ ካልጨመረው በቀር ግን መስኮት የሚባል ነገር አያይም። ገና ጀማሪ ሆኖ ሰርቨሩን በማውስ ማዋቀር የሚመኘው ሰው፣ ማዋቀሪያዎቹ በተለይ የተሠሩለት ሰው፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ይፈልጋል፤ ከአራቱ ምርጫዎች በራሱ የሚሆነው ግን አልነበረም። ሜኑውም አልረዳውም። የሊኑክስ ሜኑ የሚዘረዝረው የተጫነውን ብቻ ነው፤ ያልተጫነው ደብዘዝ ባለ ቀለም እንኳ አይታይም። በእኔ አስተያየት ይህ የአነዳደፍ ጉድለት ነው እንጂ የተጠቃሚው ስንፍና አይደለም። መኖሩን የማያውቁትን ነገር መፈለግ አይቻልምና።

ማዋቀሪያዎቹ «ሰርቨር ኮንፊገሬሽን ቱልስ» በሚባል ፓኬጅ ግሩፕ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። የዛሬው ቃላችን ይኸው ነው፤ ፓኬጅ ግሩፕ። በአማርኛ «የጥቅል ነዶ»፣ ሲያጥር «ነዶ» ብንለው እላለሁ።

«ጥቅል» አያከራክርም። ቃሉን የስልክ ኩባንያዎች የኢንተርኔት ጥቅል እያሉ በየቀኑ ስለሚሸጡልን ለምደነዋል፤ በሊኑክስ በኩልም አንድ ፕሮግራም ከነፋይሎቹ፣ ከነሚደገፍባቸው የሌሎች ጥቅሎች ዝርዝር የታሸገበት አንድ ፋይል ማለት ነው። ችግሩ «ግሩፕ» ላይ ነው። «ቡድን» ማለት ይቀናል። ነገር ግን ሊኑክስ ሌላም ግሩፕ አለው፤ በጋራ የፋይል ፈቃድ የሚሰጣቸው የተጠቃሚዎች ስብስብ። ለሰዎች ስብስብ ቡድን የተባለው በትክክል ነው፣ እዚያው ይቆይ። መመሪያ ላይ «ቡድኑን ጨምር» የሚል ያነበበ ሰው የምጨምረው ተጠቃሚ ነው ወይስ ሶፍትዌር ብሎ መጨነቅ የለበትም።

ነዶ ገበሬ ያጨደውን ስንዴ ሰብስቦ የሚያስረው ነው። ማሰሪያው ሲፈታ ስንዴው እንዳለ ይቀራል፤ ነዶ የሚባል ነገር ግን አይኖርም። ፓኬጅ ግሩፕም በውስጡ አንድም ፕሮግራም የለውም፤ የስም ዝርዝር ብቻ ነው። በፌዶራ ዝርዝሩ «ኮምፕስ» በሚባል የኤክስኤምኤል ፋይል ተጽፎ ከጥቅል ማከማቻው ጋር ይመጣል። ኋላ ላይ ብዙ ግሩፖችን የያዘ ትልቅ ግሩፕ መጣ፤ «ኢንቫይሮንመንት ግሩፕ» ይሉታል። ለዚህም ቋንቋችን ቃል አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ነዶዎች ሲከመሩ ክምር ይባላሉ። ጥቅል፣ ነዶ፣ ክምር።

ነዶው ውስጥ ያሉት ጥቅሎች ሁሉ እኩል ማዕረግ የላቸውም። አንዳንዶቹ የግድ የሚገቡ ናቸው። አንዳንዶቹ ተጠቃሚው ካልከለከለ በነባሪ ይገባሉ። ሌሎቹ አማራጭ ናቸው፣ ካልተጠየቁ አይገቡም። ነዶውን ጭኖ ፕሮግራሙን አሁንም ያላገኘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ከአማራጮቹ መካከል ሆኖበት ነው። ስለዚህ ከመጫን በፊት ዝርዝሩን ማንበብ ያዋጣል።

አፈላለጉ ከባድ አይደለም። በፌዶራ ኮር ጊዜ፣ ያም በሚባለው የጥቅል ጫኚ፣ ትዕዛዙ «ያም ግሩፕሊስት» ነበር፤ የተጫኑትንና ያልተጫኑትን ነዶዎች ለይቶ ያወጣል። ከዚያ «ያም ግሩፕኢንስቶል» ብሎ የነዶውን ስም ማስከተል ነው። ስሙ ከአንድ ቃል በላይ ከሆነ በትእምርተ ጥቅስ መታቀፍ አለበት፤ አለዚያ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ቃል የሌላ ነዶ ስም አድርጎ ይወስድና አላገኘሁም ይላል። ከ2015 ወዲህ፣ ከፌዶራ 22 ጀምሮ፣ የያምን ቦታ የያዘው ዲኤንኤፍ ነው፤ «ዲኤንኤፍ ግሩፕ ሊስት» ይዘረዝራል፣ «ግሩፕ ኢንፎ» የአንዱን ነዶ ይዘት በየማዕረጉ ያሳያል፣ «ግሩፕ ኢንስቶል» ይጭናል። ተርሚናሉ ላይ ሁሉም በትንንሽ የላቲን ፊደላት ይጻፋሉ። አንዳንድ ነዶዎች ደግሞ ከተራው ዝርዝር ተሰውረው ይቀመጣሉ፤ «ሂደን» የሚለው አማራጭ ሲጨመር ይወጣሉ። የፕሮግራሙን ወይም የፋይሉን ስም አውቆ በየትኛው ጥቅል እንዳለ ላጣ ሰው «ዲኤንኤፍ ፕሮቫይድስ» ይነግረዋል። ዲኤንኤፍ ከመጫኑ በፊት ስንት ሜጋባይት እንደሚወርድ ያሳይና ፈቃድ ይጠይቃል። በሞባይል ዳታ የሚሠራ ሰው እዚህች ላይ ቆም ብሎ ቢያይ ይጠቅመዋል።

ተርሚናል የሚፈራም መንገድ ነበረው። «ሲስተም-ኮንፊግ-ፓኬጅስ» የሚባለው በመስኮት የሚሠራ ጫኚ ነዶዎቹን በስማቸው ደርድሮ ምልክት ያስደርጋል። ሲጭን ግን የመጫኛ ሲዲዎቹን ይጠይቅ ነበር፤ ሲዲውን አውሶ ለመለሰ ሰው ይህ ጣጣ ነው። በ2006 በፌዶራ ኮር 5 የተካው ፒሩት ያምን ከሥሩ ስለሚጠቀም ከኢንተርኔት ማውረድ ቻለ።

ማጥፋት ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ የነዶው ምሳሌም እዚህ ላይ አይሠራም። አንድ ዘለላ ስንዴ በሁለት ነዶ ሊታሰር አይችልም፤ አንድ ጥቅል ግን የሁለትና የሦስት ነዶ አባል ሊሆን ይችላል። የድሮው ያም «ግሩፕሪሙቭ» ሲባል የነዶውን ጥቅሎች በሙሉ፣ ሌላ ነዶ የሚፈልጋቸውንም ጨምሮ፣ ያጠፋ ነበር። ዲኤንኤፍ በየትኛው ነዶ ምን እንደተጫነ ስለሚመዘግብ ይሻላል፤ ቢሆንም የሚጠፉትን ዝርዝር ሳያነቡ እሺ ማለት አይበጅም።

ሌሎቹ ስርጭቶች ይህንኑ ሐሳብ በየራሳቸው ስም ይዘውታል። ኦፐንሱሴ ፓተርን ይለዋል፣ አርች ግሩፕ ይላል። ዴቢያንና ኡቡንቱ ግን ሜታፓኬጅ የሚሉት ሌላ ነገር ነው፤ ራሱ እውነተኛ ጥቅል ሆኖ ውስጡ ባዶ ነው፣ ሥራው ሌሎችን በጥገኝነት መጎተት ብቻ። ይህን ነዶ አልለውም። «ጎታች ጥቅል» ቢባል ጠባዩን ይገልጸዋል።

ማዋቀሪያው ተገኝቶ ሜኑው ላይ ከወጣ በኋላ ያለውን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ማዋቀሪያው ሰርቨሩ ራሱ አይደለም፤ «ኢቲሲ» በሚባለው ማኅደር ውስጥ ያሉትን የጽሑፍ ፋይሎች የሚሞላልን ጸሐፊ ነው። የሳምባው ፋይል «ኤስኤምቢ-ኮንፍ»፣ የኤንኤፍኤሱ «ኤክስፖርትስ»፣ የአፓቼው «ኤችቲቲፒዲ-ኮንፍ» ይባላል። የአፓቼው ማዋቀሪያ ከነዚህ ሁሉ ቸልተኛው ነበር፤ ሰው በእጁ የጻፈውን ሳያይ ፋይሉን ከራሱ መዝገብ ደግሞ ይጽፈዋል። የሬድ ሃት መመሪያም ይህን መሣሪያ የምትጠቀም ከሆነ ፋይሉን በእጅህ አትንካ ብሎ ያስጠነቅቅ ነበር። ስለዚህ ማዋቀሪያው ላልተገኘለት ሰው ፋይሉን በጽሑፍ አርታዒ ከፍቶ መማር ኪሳራ አልነበረም፤ እንዲያውም እዚያ የተማረው ዛሬም ይሠራለታል።

ማዋቀሪያዎቹ ግን ዛሬ አብዛኞቹ የሉም። ለሰርቨር የተሠሩት አንድ በአንድ ተትተዋል፤ የፕሪንተሩ እስካሁን አለ። አሮጌ መመሪያ ይዞ በአዲስ ፌዶራ ላይ ሲስተም-ኮንፊግ-ኤችቲቲፒዲን የሚፈልግ ሰው ነዶውንም ፕሮግራሙንም አያገኝም። ቦታቸውን ባብዛኛው የያዘው ኮክፒት ነው፤ በዲሴምበር 2014 ከወጣው ፌዶራ 21 የሰርቨር እትም ጋር የመጣ፣ በብሮውዘር በፖርት 9090 የሚከፈት መቆጣጠሪያ። አገልግሎቶችን፣ ኔትወርክን፣ ዲስክን፣ የሲስተም መዝገቦችን ያሳያል፤ አፓቼን ወይም ዲኤንኤስን ግን እንደ ቀድሞዎቹ በቅጽ አያስሞላም። የኮክፒት ገጾችም በየጥቅሉ ተከፋፍለው ነው የሚመጡት። ከፍታችሁት የቨርቹዋል ማሽን ገጽ ካጣችሁ ሲስተሙን ደግማችሁ አትጫኑ፤ «ኮክፒት-ማሽንስ» የሚባለው ጥቅል ስላልገባ ነው፣ እሱን ብቻ ጨምሩ።