ከሱቅ ዐረቢ እስከ መግረን በእግር

ካርቱም የኖራችሁ ወገኖቼ፣ ሱቅ ዐረቢን የማያውቅ መቼም የለም። ዕቃ ገዝተንበታል፣ ሐዋላ ልከንበታል፣ ሰው ተቃጥረንበታል። ከዚያ ከትልቁ መስጊድ ተነስቶ ወደ ሰሜን ሃያ ደቂቃ ያህል የተራመደ ሰው ዐባይ ዳር ይደርሳል። ብዙዎቻችን ግን ዓመታት ኖረን አንድ ቀን እንኳ አልሄድንም። ስንፍና አልነበረም፤ ከሻ ነው። ወረቀት የሌለው ሰው ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት እንጂ "ልንሸራሸር" ብሎ አይወጣም።

እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ "ቲቸር፣ ይሄ አገር ከእኛ ታሪክ ጋር ምን አገናኘው?" ብሎ ባይጠይቀኝ ኖሮ አልወጣም ነበር። በማግስቱ ዓርብ፣ ገበያው ተዘግቶ መንገዱ ጭር ሲል፣ ወረቀት ያላቸውን ስድስት ልጆች ይዤ ወጣሁ። ወረቀት የሌላቸው ቀሩ። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

መጀመሪያ የቆምነው ቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ነው፤ ራቅ ብለን፣ ስልክ ሳናወጣ። የመሐዲ ሠራዊት ጎርደንን የገደለው እዚህ ነው፣ ጥር 1877 ዓ.ም.። የእኛ ታሪክ የሚገባው ከዚያ ስምንት ወር ያህል ቀደም ብሎ ነው። እንግሊዝና ግብፅ ከሱዳን ለመውጣት ሲወስኑ፣ በጠረፍ በኩል የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል ወደ ምጽዋ እንዲወጡ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር በ1876 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ተዋዋሉ። ንጉሡ ቃላቸውን ጠበቁ። የሌላውን ጦር ሲያስወጡ ግን የመሐዲስቶቹን ጠላትነት ለራሳቸው አተረፉ። ጥር 1880 አቡ አንጃ ጎንደርን አቃጠለ፣ ምርኮኛውንም ወደዚህ ነዳ። መጋቢት 1881 ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ከወንዙ ማዶ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ምጽዋንም ቢሆን፣ ውሉ ገና ዓመት ሳይሞላው ጣልያን ያዛት።

ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ዝም አሉ። ጎንደር የተወለደችው ልጅ ብቻ "ምርኮኞቹስ ተመለሱ?" አለች። አንዳንዱ ተመለሰ፣ ብዙው እዚሁ ቀረ አልኳት።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ደስ ይላል። የናይል ጎዳና ዛፎች ጥላቸው እንደ ቤት ነው፤ ከሥራቸው ሻይ የሚያፈሉት ሴቶች ደግሞ ብዙዎቹ የእኛው እህቶች ነበሩ። ዛፎቹ ያረጁ ቢመስሉም ዕድሜያቸው ከእንግሊዞች ዘመን አያልፍም። መሐዲስቶቹ ዋና ከተማቸውን ኦምዱርማን ስላደረጉ ካርቱም ፈርሳ ነበር፤ እንደገና የሠራት ከነሐሴ 1890 ድል በኋላ ኪችነር ነው።

ሙዚየሙ ጋ ብዙ አልቆየንም። በአስዋን ግድብ ውኃ እንዳይዋጡ ድንጋይ በድንጋይ ተነቅለው የመጡ ቤተ መቅደሶች አሉ። ልጆቹን የገረማቸው ድንጋዩም ተፈናቃይ መሆኑ ነው።

እየሄድን የዐፄ ኃይለ ሥላሴን ነገር አነሳሁ። በ1932 ክረምት ከእንግሊዝ አገር ስደት ካርቱም ደርሰው ግማሽ ዓመት ያህል ቆዩ፤ ጥር 12 ቀን 1933 ኡም ኢድላ ላይ ድንበር ተሻገሩ። አንዱ ቀልደኛ "ቲቸር፣ እሳቸውን ከሻ አላገኛቸውም?" አለ። መንገደኛው ሁሉ እስኪያየን ሳቅን።

መጨረሻችን መግረን ነበር፣ ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት። ወሩ ነሐሴ ስለነበር ዐባይ ቡናማ ሆኖ፣ አፈራችንን ተሸክሞ ይመጣል፤ ነጩ ዐባይ ቆሞ የሚጠብቀው ይመስላል። በነጩ ዐባይ በኩል ትንሽ ሲኬድ የሱኑት ደን ነበረ። በሙላት ጊዜ ግራሮቹ እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ይቆሙ ነበር፤ ከአውሮፓ የሚመጡ ወፎችም እዚያ ይከርሙ ነበር። ከዳር ሆነን አየነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ጦርነቱ ሲጀምር ሱቅ ዐረቢ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ነደደ፣ ተዘረፈ። ሙዚየሙም ተዘረፈ። ቤተ መንግሥቱ እስከ መጋቢት 2017 የውጊያ ሜዳ ነበር። የሱኑት ግራሮችም ተጨፍጭፈዋል። ከስድስቱ ልጆች አሁን ያሉበትን የማውቀው የአራቱን ነው።

የዚያን ቀን ናይል ጎዳና ዛፍ ሥር አብረን የተነሳነው ፎቶ ስልኬ ላይ ነበር፤ ስልኩ በመንገድ ጠፋ። ያን ጊዜ ልኬላችሁ ስለነበር ያላችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። የልጆቹን ፊት ግን እዚህ አትለጥፉ።