የመተማ ሙቀትና የኦክስጅን ማሽኑ፦ ጠጠሩ ውስጥ ምን ይካሄዳል?

መጋቢትና ሚያዝያ ላይ መተማ ዮሐንስ ወይም ገንዳ ውኃ የነበረ ሰው ከሰዓት በኋላው ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ዛሬ የምናወራው እንዲህ ባለ ሙቀት ስለሚፈተን ማሽን ነው፦ ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር። የሳንባ ምች ለያዘው ሕፃን ሲሊንደር ከጎንደር ይምጣ ቢባል 200 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ፤ መንገዱ በጸጥታ ችግር የሚዘጋበት ጊዜ እንዳለም ታውቃላችሁ። ማሽኑ ግን መብራት ካለ ኦክስጅኑን እዚያው ከአየር ያወጣል።

እንዴት? አየር 78 በመቶ ናይትሮጅን፣ 21 በመቶ ኦክስጅን ነው። ማሽኑ አየሩን ጨምቆ ዚዮላይት በሚባል ጠጠር በተሞላ ቱቦ ያሳልፈዋል። ጠጠሩ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። «የሞለኪውል ወንፊት» ይሉታል፤ እዚህ ላይ ግን ስሙ ያሳስታል ባዮች ነን፣ ምክንያቱም ሁለቱም ጋዞች በቀዳዳው ይገባሉ። ልዩነቱ ውስጥ ያሉት ቻርጅ ያላቸው አዮኖች ናይትሮጅንን ይበልጥ አጥብቀው መያዛቸው ነው። ቱቦው በናይትሮጅን ሲሞላ ግፊቱ ይለቀቅና ናይትሮጅኑ ይወጣል፤ እስከዚያ ሁለተኛው ቱቦ ተራውን ይሠራል። አርጎን የሚባለው ጋዝ ከኦክስጅን ጋር አብሮ ስለሚያልፍ ንጽሕናው ከ95 በመቶ ብዙም አይበልጥም።

ዋናው ጥያቄ ቱቦው በስንት ሰከንድ ይሞላል የሚለው ነው። ይሄ ተገምቶ ሳይሆን ተሰልቶ ነው። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ሠራተኛው ወደ ከተማ ሲጎርፍ አስቡት፦ መጀመሪያ አልጋ ቶሎ ይገኛል፣ ቤቱ እየሞላ ሲሄድ ግን የሚገባው ሰው እየቀነሰ ይመጣል። ጋዙም እንደዚያው ነው፤ የሚገባበት ፍጥነት በቀረው ባዶ ቦታ ልክ ነው። ይህን ቀላል ቀመር ያወጣው ግሉካውፍ ነው፤ መሠረቱ ደግሞ የፊክ የ1855 ሕግ ነው። ከቀመሩ አንድ ደስ የሚል ነገር ይወጣል፦ የጠጠሯ ራዲየስ በግማሽ ሲቀንስ የመሙያው ጊዜ ወደ ሩብ ይወርዳል። ታዲያ ለምን ዱቄት አያደርጉትም? አየሩ አላልፍ ይላላ!

አሁን ወደ ሙቀቱ እንመለስ። ሲሞቅ ጋዙ ወደ ቀዳዳው የሚገባው በፍጥነት ነው፤ ጠጠሩ ሊይዝ የሚችለው መጠን ግን ይቀንሳል። ስለዚህ ቱቦው ቶሎ ይሞላና ትርፍ ናይትሮጅን ከኦክስጅኑ ጋር ሊያመልጥ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ማሽኑ እስከ 40 ዲግሪ መሥራትና ቢያንስ 82 በመቶ ንጽሕና መስጠት አለበት ይላል። የመተማ ከሰዓት በኋላ ከዚህ ወሰን ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው።

ከሙቀቱ የባሰው እርጥበት ነው። ዚዮላይት ውኃን ከናይትሮጅን በጣም አጥብቆ ይይዛል፤ ግፊት በመልቀቅ ብቻም በቀላሉ አይለቀውም። ለቆላው ክረምት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ማሽኑ ለወራት ሳይሠራ በደንብ ሳይታሸግ ከተቀመጠም ጠጠሩ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ሊበላሽ ይችላል።

ቤታችሁ ወይም ጤና ጣቢያችሁ ማሽኑ ካለ፦ ከግድግዳ አርቁት፣ ጥላና ነፋሻ ቦታ ላይ አድርጉት፣ የአቧራ ማጣሪያውን በየሳምንቱ አጽዱ፤ እሳትና ሲጋራ አጠገቡ አይድረስ። የንጽሕና ማስጠንቀቂያው ከበራ ወይም ከጮኸ ደግሞ «ይሠራል እኮ፣ አየር ይወጣል» ብላችሁ አትለፉት። የሚወጣው አየር ብዙው ናይትሮጅን ሊሆን ይችላል። ወዲያው ለባለሙያ ተናገሩ፤ ሲሊንደር ካለም ታማሚውን ወደዚያ ያዙሩት።