ደረት ላይ የሚለጠፈው ትንሽ ስፖንጅ የልብን ምት ለሞኒተር የሚያደርሰው እንዴት ነው?

ፅኑ ሕሙማን ክፍል በተኛ ሰው ደረት ላይ ክብ ተለጣፊ ስፖንጆች አይታጡም። ከእነርሱ የሚነሡት ገመዶች የልብን ምት ከአልጋው አጠገብ ወዳለው ሞኒተር ያደርሳሉ። የጠያቂ ዓይን የሚያርፈው ከፍ ዝቅ በሚለው መስመር ላይ ነው። ይሁንና ያ መስመር የሚታመነው፣ ቆዳ ላይ የተለጠፈው ርካሽ ዕቃ ሥራውን በአግባቡ እስከሠራ ድረስ ብቻ ነው።

ዕቃው ኤሌክትሮድ ይባላል። ልብ በእያንዳንዱ ምት የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ቆዳ ላይ ሲደርስ 1 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ነው፤ አንድ ተራ የባትሪ ድንጋይ ካለው 1.5 ቮልት ጋር ሲነጻጸር 1,500 ጊዜ ያህል ያንሳል። ደረቅ ቆዳ ደግሞ ኤሌክትሪክ በቀላሉ አያሳልፍም።

ይህን ችግር ኔዘርላንዳዊው ቪለም አይንትሆቨን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የፈታው በጨው ውኃ ነበር። ሌይደን በሚገኘው ቤተ ሙከራው ታካሚው ሁለት እጆቹን እና ግራ እግሩን የጨው ውኃ በያዙ ዕቃዎች ውስጥ ነክሮ ይቀመጥ ነበር። አይንትሆቨን በ1924 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። በዛሬው ኤሌክትሮድ መካከል ያለው ጨዋማ ጄል የዚያ ውኃ ወራሽ ነው ማለት ይቻላል።

ስፖንጁ ጄሉን ዙሪያውን አቅፎ ከቆዳ ጋር ያጣብቀዋል፤ ላብ እና ፈሳሽ እንዳይገባም ይከላከላል። ከጄሉ በላይ ገመዱ የሚያያዝባት፣ የጃኬት ቁልፍ የምትመስል ጉብታ አለች። ጄሉን የሚነካው ክፍሏ በብር እና በብር ክሎራይድ የተለበጠ ነው። በሰውነት ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚጓዘው በአዮኖች፣ በገመድ ውስጥ ግን በኤሌክትሮኖች ነው፤ ብር ክሎራይድ ሁለቱን ያለ ብዙ ረብሻ ያቀባብላል። ሌላም ጥቅም አለው። የቆመ ልብን ለመመለስ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሲሰጥ አንዳንድ ብረቶች ኃይሉን ይዘው ቆይተው ምስሉን ያደበዝዛሉ፤ ብር ክሎራይድ ግን በሰከንዶች ውስጥ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሐኪሙ ልብ መምታት መጀመሩን ማወቅ የሚፈልገው በዚያች ቅጽበት ነው።

ጄሉ ሲደርቅ ወይም ተለጣፊው ሲላቀቅ ሞኒተሩ ልብ ያላለውን ይናገራል። ታካሚው ጥርሱን ሲቦርሽ የሚፈጠረው ንቅናቄ እንኳ አደገኛ የልብ ምት መዛባት ሊመስል ይችላል። ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በ1999 ባወጣው ጽሑፍ፣ በዚህ ዓይነት የተሳሳተ ምስል ሳቢያ ለአላስፈላጊ ምርመራ እና ሕክምና የተዳረጉ 12 ታካሚዎች ተጠቅሰዋል።

የከፋው ግን ሠራተኞች ደወሉን መላመዳቸው ነው። የአሜሪካ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን በ2013 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ከጥር 2009 እስከ ሰኔ 2012 ከሕክምና መሣሪያ ደወሎች ጋር የተያያዙ 98 አደጋዎች እንደተመዘገቡ፣ 80ዎቹም በሞት እንደተጠናቀቁ ገልጿል። ከሚሰሙት ደወሎች ከ85 እስከ 99 በመቶው የሕክምና ርምጃ የማይሹ እንደሆኑም ግምቱን አስፍሯል። የሁሉም ሰበብ ኤሌክትሮድ አይደለም። ቢሆንም ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሁለት ክፍሎች ውስጥ ኤሌክትሮዶች በየቀኑ እንዲቀየሩ ሲደረግ፣ በአንድ አልጋ የሚቆጠረው የቀን ደወል በአማካይ በ46 በመቶ ቀንሷል። ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ ማሽን ሳይሆን አዲስ ተለጣፊ ነበር።

ከመለጠፉ በፊት ጸጉሩን መቁረጥ፣ ቆዳውን በሳሙና እና በውኃ ማጠብ፣ ከዚያም በሚገባ ማድረቅ ይመከራል። አልኮል ቆዳን ስለሚያደርቅ አይመረጥም። እሽጉም ቀድሞ ሊከፈት አይገባም፤ ጄሉ አየር ሲያገኝ ይደርቃል። ቆዳው የቀላ ወይም የሚያሳክከው ታካሚ ለነርሷ መንገር ይኖርበታል። የአረጋውያን እና የጨቅላ ሕፃናት ቆዳ ስስ በመሆኑ ተለጣፊው በቀስታ መነሣት አለበት።

በአንድ አገር ሠልጥኖ በሌላ አገር የሚቀጠር የጤና ባለሙያ ደግሞ ቀለሞቹን ልብ ማለት አለበት። በአሜሪካ አሠራር ቀኝ እጅ ነጭ፣ ግራ እጅ ጥቁር፣ ግራ እግር ቀይ፣ ቀኝ እግር አረንጓዴ ነው። በአውሮፓ በሚሠራበት ዓለም አቀፍ ደረጃ ግን ቀይ የቀኝ እጅ፣ ቢጫ የግራ እጅ፣ አረንጓዴ የግራ እግር፣ ጥቁር የቀኝ እግር ነው። ገመዶቹ ላይ ፊደላትም አሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ አንድ ዓይነት አይደሉም። አሜሪካ ውስጥ ለቀኝ እጅ «አር ኤ» የሚጻፍበት ገመድ አውሮፓ ውስጥ «አር» ብቻ ነው።