በወርካ ሥርና በዝግ ቤት

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባላል። የሞጣና የቢቸና ገበሬ ግን በ1960 ዓ.ም. ንጉሡን ባይከስም አዋጁን አልቀበልም አለ። ለምን? መልሳችን «ግብር መክፈል ስለማይወድ ነዋ!» ብቻ ከሆነ ታሪኩን ገና አላወቅነውም ማለት ነው።

አዋጁ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ነበር። አሥራትን አስቀርቶ ገበሬውን በገቢው ልክ ለማስከፈል የወጣ ነው። መቼም በወረቀት ላይ ሲያዩት አይከፋም፤ ብዙ ያመረተ ብዙ ይክፈል፣ ጥቂት ያመረተ ጥቂት። ነገር ግን ገቢው ስንት እንደሆነ የሚወስነው ገማች ነው። ገማቹ በምን ሚዛን ይገምታል? ያለአግባብ የተገመተበትስ ማን ፊት ቆሞ ይሟገታል? ገበሬው ከወረቀቱ ይልቅ ሹሙን ያውቀዋል፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው እኮ እሱው ነው። ስለዚህ ግምቱን የመሬት ልኬት መጀመሪያ፣ ልኬቱን ደግሞ የርስት መጥፊያ አድርጎ ተረዳው።

ይኸው ገበሬ ነገርን በአደባባይ መመርመር የለመደ ነበር። የርስት ክርክር ሲነሣ በወርካ ሥር ሸንጎ ይቀመጣል። ተሟጋቹ «በላ ልበልሃ» ብሎ ይቆምና ከአቅኚ አባቱ ጀምሮ ትውልዱን ይቆጥራል፤ ምስክር ይጠራል፤ ያልተስማማው ይመልስለታል። ፍርዱ ቢመርረውም ምክንያቱን በጆሮው ሰምቶ ይሄዳል። እርግጥ ሸንጎው እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም። ርስት የሌለው ቀጥቃጭና ሸማኔ በዚያ ክርክር ውስጥ ምን ቦታ ነበረው?

አዋጁ ግን በዚያ መንገድ እንኳ አላለፈም። ገበሬው ሸፈተ። ጦርና የጦር አውሮፕላን ተላከበት፤ ሰው አለቀ፣ ቤት ተቃጠለ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ በ1961 ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ወደ ጎጃም ሄደው ውዝፍ ግብር ማሩ። ታዲያ ይህ ድል ነው? ግማሽ ድል ነው። ግብሩ በትእዛዝ መጣ፣ ውዝፉም በምሕረት ተሰረዘ፤ ሲመጣም ሲሰረዝም ገበሬው ፊት ቀርቦ የተመረመረ ምክንያት አልነበረም።

ሥርዓቱ ሁለት ጊዜ ከተለወጠ በኋላም ጥያቄው አልሞተም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ተከፋፈለ። መሬት ለሌለው ማካፈል በጎ ሐሳብ ነው። ነገር ግን በፊተኛው መንግሥት በቀበሌ ሹመት ያገለገለው «ቢሮክራሲ»፣ ከዘውዱ ዘመን ሹማምንት ወገን የተቆጠረው «ቅሪት ፊውዳል» እየተባለ ተመደበ። ሌላው እስከ 3 ሄክታር ሲፈቀድለት እነዚህ ከ1 ሄክታር እንዳያልፉ ተወሰነ። ከጎጃም የተነሡ ገበሬዎች አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ መጡ። በአገራቸው የሚሰማቸው ሸንጎ ቢያገኙ ኖሮ ያን ሁሉ መንገድ ምን ያስመጣቸው ነበር?

እኔ ከሁለቱ ታሪኮች የምማረው አንድ ነገር ነው። በጎ ሐሳብም ቢሆን በዝግ ቤት ከተመረመረ ሕዝቡ ዘንድ የሚደርሰው ወሬ ሆኖ ነው። ሐሳቡን ማን አመጣው? ማን መረመረው? ለምን ተቀበለው ወይም ጣለው? የሦስቱ መልስ በአደባባይ ይነበብ። ይህ ለመንግሥት ብቻ የሚባል አይደለም። እኛስ በየክበባችን የአንድ ጓደኛችንን ሐሳብ ስንጥል ምክንያቱን ፊት ለፊት እንነግረዋለን? እስቲ ከዚያ እንጀምር።