ሀርበር፦ የመርከብ መጠጊያ

ሀርበር የሚባለው መርከብ ከነፋስና ከማዕበል ተከልሎ፣ መልህቁን ጥሎ በሰላም የሚቆምበት ጥልቀቱ የበቃ ውኃ ነው። በአማርኛ ይህም «ወደብ» ይባላል። ይኸው ቃል ግን ክሬኑን፣ መጋዘኑን፣ ጉምሩኩንና የባቡር ሐዲዱንም ስለሚጠቀልል፣ ውኃውና በውኃው ዳር የተሠራው ነገር ይደባለቃሉ። ለውኃው ለብቻው «የመርከብ መጠጊያ» የሚለው ስያሜ ይስማማዋል። ግእዝ «መርሶ» የሚል አጭር ቃል ነበረው፤ በኤርትራ ዳርቻ መርሳ ፋጥማና መርሳ ተኽላይ የሚባሉት ቦታዎች የያዙት የዐረብኛ ቃልም የዚሁ ዘመድ ነው። ዛሬ «መርሶ»ን ያለ መዝገበ ቃላት የሚረዳ ጥቂት ነው፤ «መጠጊያ» ግን ለማንም ይገባል። መርከቡ ወደ የብስ ይጠጋበታል፤ ከማዕበልም ይጠጋበታል።

መጠጊያ ሁለት ዓይነት ነው፦ ተፈጥሮ ያዘጋጀውና ሰው የሠራው። የመጀመሪያውን ለማየት ከጎጃም መውጣት አያስፈልግም። ባሕር ዳር የተቆረቆረችው በጣና ደቡባዊ ጫፍ፣ ሐይቁ ወደ የብስ ገባ ባለበት ስፍራ ላይ ሲሆን፣ በምዕራብ በኩል የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ወደ ውኃው ዘልቆ ነፋሱን ይከላከልላታል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ በሐይቁ መሐል ያለ ጀልባ ሲንገላታ በዘጌ ጥግ ያለው ብዙም አይናወጥም። ወደ ሰሜን የሚሄደው የሐይቅ ትራንስፖርት ደቅ ደሴትን፣ ቁንዝላን፣ ደልጊን እየነካ ጎርጎራ የሚደርሰውም ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ እያለ ነው።

ሁሉም የውኃ ማጓጓዣ ግን መጠጊያ አይሻም። የነገደ ወይጦ ሰዎች ከደንገል የሚሠሩት ታንኳ ጥቂት ውኃ ይበቃዋል። ማገዶ ጭኖ ከዘጌ ባሕር ዳር ይደርሳል፤ ጭነቱ ሲራገፍም ወደ ዳር ተጎትቶ ይወጣል። ደንገሉ ውኃ ሲጠጣ ስለሚከብድ እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ለእርሱ ማንኛውም ለስላሳ ዳርቻ ወደብ ነው። የብረት ጀልባ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደ ባሕር ዳር በየብስ ተጭና የተጓዘችውን «ጣና ነሽ 2»ን የመሰለች ጀልባ በእጅ ጎትቶ ማውጣት አይታሰብም፤ ጎኗን አስጠግታ የምትቆምበት መድረክና ከሥሯ በቂ ውኃ ያስፈልጋታል። መርከብ በገዘፈ ቁጥር ከውኃው በታች የሚሰምጠው አካሉም ይረዝማል። ዛሬ በውቅያኖስ ላይ የሚመላለሱት ትልልቆቹ የኮንቴይነር መርከቦች ሙሉ ጭነት ሲይዙ 16 ሜትር ያህል ይሰምጣሉ። የጣና ከፍተኛ ጥልቀት 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ መርከብ በአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ መሐል ቢቀመጥ ሆዱ ጭቃ ላይ ያርፋል ማለት ነው።

በቀይ ባሕር የተፈጥሮ መጠጊያ የሚፈጠርበት መንገድ የተለየ ነው። ዳርቻው አብዛኛው በኮራል፣ ማለትም ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በሚገነቡት ድንጋያማ አጥር የተከበበ ነው። ኮራል ጨዋማና የጠራ ውኃ እንጂ ጎርፍ አይወድም። በጥንት ዘመን ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ወደ ባሕር በሚገባበት ቦታ ኮራሉ ሳያድግ ቀርቶ አጥሩ ክፍት ሆነ፤ በክፍቱም በኩል መርከብ የሚገባበት ጥልቅ ሰርጥ ተገኘ። መርሳ የሚባለው ይህ ነው። የሱዳኗ የወደብ ከተማ ሱዋኪን ለዘመናት የኖረችው በእንዲህ ያለ ሰርጥ ላይ ነበር። ሆኖም መግቢያዋ ጠባብና በኮራል የተከበበ ስለነበር የእንፋሎት መርከቦች ሲገዝፉ አስቸገረቻቸው፤ እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ በስተሰሜን ሌላ መርሳ መርጠው ፖርት ሱዳንን ሠሩ። የሱዋኪን ንግድ ከዚያ ወዲህ ጠወለገ፤ የዐረብ ነጋዴዎች የኮራል ድንጋይ ቤቶችም ፈራረሱ።

ምፅዋ የተሻለ ዕድል አላት። ባፄና ጣውሉድ የሚባሉት ሁለት ደሴቶቿ ከየብሱ ጋር ሆነው ለመርከቡ ግድግዳ ይሆኑለታል። በግብጾች ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ፣ ስዊሳዊው ቬርነር ሙንዚንገር ደሴቶቹን ከየብስ ጋር የሚያገናኝ መንገድ በባሕሩ ላይ አስደለደለ። እዚህ ላይ የተፈጥሮውና የሰው እጅ ድንበር ይደበዝዛል፤ በእርግጥም ንጹሕ የተፈጥሮ መጠጊያ የሚባል ዛሬ ብዙም የለም። ከምፅዋ በስተደቡብ በዙላ ባሕረ ሰላጤ የነበረችው ጥንታዊቷ ወደብ አዱሊስ ደግሞ መጠጊያ ከማዕበል ብቻ እንደማይከላከል ታስታውሳለች። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መመሪያ እንደሚገልጸው፣ መርከቦች ቀድሞ ይቆሙ የነበረው በእግር ሊደረስባት በምትችል ቅርብ ደሴት ነበር። ከየብስ ጥቃት ሲደርስባቸው ግን ወደ ባሕሩ ራቅ ወዳለችው ተራራማ ደሴት ተዛወሩ።

ሰው ሠራሹ መጠጊያ የሚሠራው ተፈጥሮ ካልበቃ ነው። ዋናው ሥራ ማዕበል ሰባሪ ግንብ መገንባት፣ የባሕሩን ወለል መቆፈርና ደለሉን ዘወትር መጥረግ ነው። ከሁሉም የሚያሰለቸው የመጨረሻው ነው፤ ግንብ አንድ ጊዜ ይሠራል፣ ደለል ግን በየክረምቱ ይመጣል። ርብ፣ ጉማራና ግልገል አባይ ወደ ጣና የሚያወርዱትን አፈር፣ በላዩም የእምቦጭ አረምን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በሰው እጅ ከተሠሩት መጠጊያዎች መካከል ትልቁ የሚባለው በዱባይ የሚገኘው ጀበል አሊ ሲሆን፣ ከበረሃማ ዳርቻ ተቆፍሮ እ.ኤ.አ. በ1979 ተከፈተ። የአሰብ ነገር በተፈጥሮውና በሰው ሠራሹ መካከል ነው፦ የባሕር ወሽመጡ በደሴቶች የተከበበ ነው፤ መርከብ የሚጠጋባቸውን መድረኮች ግን በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የዩጎዝላቪያ ኩባንያ ሠራቸው። ከ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ጀምሮ የኢትዮጵያ ጭነት አይገባበትም።

የዛሬው ዋና መግቢያ ጅቡቲ ነው። ከኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ጭነት ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል የሚያልፈው በዚያ በኩል ነው። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ስለምትገኝ ከውጭው ባሕር ኃይለኛ ማዕበል ተከልላለች፤ ፈረንሳዮችም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዋና ሰፈራቸውን ከኦቦክ ወደዚህ ያዛወሩት ለመርከብ የተሻለች ስለነበረች ነው። የጥንቱ ወደብ ሲጠብ በዶራሌ አዲስ የኮንቴይነር ተርሚናል ተሠራ፤ ከእ.ኤ.አ. 2009 ጀምሮ ይሠራል፣ ጥልቀቱም 18 ሜትር ያህል ነው። ይህ ቁጥር ተራ መስሎ ይታይ ይሆናል። ጥልቀት የሌለው ወደብ ግን ትልቅ መርከብ አይቀበልም። ትልቁ መርከብ ጭነቱን ሌላ ቦታ አራግፎ በትንንሽ መርከቦች ሲያስልክ ደግሞ ተጨማሪ ማንሣት፣ ተጨማሪ ማውረድና ተጨማሪ ክፍያ ይከተላል።

ለደብረ ማርቆስ አካባቢ ገበሬ የዚህ ሁሉ ትርጉም የሚታየው በማዳበሪያው ነው። 50 ሺህ ቶን ዩሪያ የያዘ መርከብ ጅቡቲ ሲደርስ 500 ሺህ ኩንታል ይዞ መጣ ማለት ነው። ማዳበሪያው በክሬን ይወጣል፣ በከረጢት ይሞላል፣ ይጫናል። ተሳቢ ያለው መኪና 400 ኩንታል ቢይዝ 1250 ጭነት ይሆናል። ወደ ጎጃም የሚሄደው መኪና አዋሽንና ሞጆን አልፎ፣ አዲስ አበባን ተሻግሮ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ወርዶ፣ ደጀን ላይ ወጥቶ ነው በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያለው ጎዛምን የሚደርሰው። መርከቡ ተራ አጥቶ ከመጠጊያው ውጭ መልህቅ ጥሎ ከከረመ፣ በውሉ ከተወሰነው ጊዜ በላይ ለቆየበት ዕለት ሁሉ ነጋዴዎች ዲመሬጅ የሚሉት ክፍያ ይቆጠራል፤ የሚከፈለውም በውጭ ምንዛሪ ነው። ይባስ ብሎ ዝናብ ወርዶ የጤፍና የስንዴ መሬት ታርሶ ሲጠብቅ ማዳበሪያው ባሕር ላይ ይሆናል።

የመጠጊያና የወደብ ልዩነት ቁልጭ ብሎ የሚታየው ባሕር በሌለበት ቦታ፣ በሞጆ ነው። ከአዲስ አበባ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር ይቀበላሉ፣ ጉምሩክ ይፈትሻል፣ ትራንዚተር ሰነዱን ይዞ ይሯሯጣል፣ ክሬን ያነሣል፣ ያወርዳል። ኮምቦልቻም ደረቅ ወደብ አላት። በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ንግድ መርከብም በ2004 ዓ.ም. ከደረቅ ወደብ ድርጅቱና ከማሪታይምና ትራንዚት አገልግሎቱ ጋር ተዋሕዶ አንድ ድርጅት ሆኗል። የወደብ አገልግሎት በዚህ መልክ ከባሕር ርቆ ሊሰጥ ይችላል፤ ደብረ ማርቆስም ደረቅ ወደብ ሊሠራላት ይችላል። መጠጊያው ግን ከባሕሩ አይነቀልም፤ መርከቦቹ ቀድሞ በምፅዋና በአሰብ ይጠጉ ነበር፣ ዛሬ የሚጠጉት በጅቡቲ ነው።