ባዶ እንጀራና የክረምት ጭስ

የመንዝን፣ የግሼንና የመርሐቤቴን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከነጋሢ ክርስቶስና ከእርሱ ከወጡት የሸዋ ነገሥታት ነው፤ ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን ከመንዝ ደጋ እስከ ጀማ ቆላ በየጎጆው ታዛ ሥር የኖረው በጭቃና በእበት የተለቀለቀ ቀፎም የራሱ ዜና መዋዕል አለው።

በጥንቱ ቀፎ የማር እንጀራ ከግድግዳው ተጣብቆ ስለሚሠራ፣ ማር ቈራጩ ንቦቹን በጭስ ገለል አድርጎ እንጀራውን ከነማሩ ከማውጣት በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም፤ ስለዚህ ባዶ እንጀራ ለከርሞ ማኖር በማንም ልብ አይታሰብም ነበር። ማሩ ከነሰሙ ተበጥብጦ ጠጅ ሲጣል ከላይ የሚንሳፈፈው ሰፈፍ ተሰብስቦ ይነጠራል፤ የጠራውም ሰም ጧፍ ሆኖ በቅዳሴና በማሕሌት ጊዜ ይበራል፤ ወይም አንጥረኛው የሚሠራውን ጌጥ አምሳል በሰም ቀርጾ፣ በጭቃ ሸፍኖ፣ ሰሙን በእሳት አቅልጦ በስፍራው ወርቅ ያፈስበታል፤ የቅኔ ሊቃውንት «ሰምና ወርቅ» ማለታቸውም ከዚሁ ጥበብ የተነሣ ነው። በክረምት ይጠበቅ የነበረው እንግዲህ እንጀራው ሳይሆን፣ ንብ የኮበለለበት ባዶ ቀፎ ነው፤ እርሱም የምድጃ ጭስ በሚደርስበት ስፍራ ከርሞ፣ አደይ ሲፈነዳ በወይራ ታጥኖ አዲስ መንጋ እንዲጠራ ይሰቀላል።

ነገሩን የለወጠው የባሕር ማዶ ሥራ ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1852 አሜሪካዊው ቄስ ላንግስትሮት ተነቃይ ፍሬም ባለው ቀፎ የባለቤትነት መብት አገኘ፤ በ1865 ደግሞ ህሩሽካ የተባለ የኦስትሪያ መኰንን እንጀራውን ሳይሰብር ማሩን በማሽከርከር የሚያወጣ መኪና ለሕዝብ አሳየ። ንብ 1 ኪሎ ሰም ለመሥራት ከ6 እስከ 8 ኪሎ ማር ትፈጃለች ስለሚባል፣ ሳይሰበር የተረፈው ባዶ እንጀራ ከዚያ ወዲህ እንደ ሀብት ይቈጠር ጀመር። ይህ ሥርዓት ወደ አገራችን በመንግሥት በኩል የገባው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በዚያው በፈረንጆቹ አቈጣጠር በ1965፣ በሆለታ የንብ ማነብ ማሳያ ጣቢያ ሲቋቋም ነው።

ሀብት ካለ ሌባ አይጠፋምና፣ የባዶ እንጀራ ሌባ የእሳት እራት የምትፈለፍለው ትል ናት፤ እርስዋም ሰሙን ሰርስራ በድሯ ታስረዋለች። በረዶ በሚወርድባቸው አገሮች የክረምቱ ብርድ ብቻውን ዘበኛ ሲሆን፣ በእኛ አገር ክረምት ማለት ዝናብና እርጥበት ነው፤ የመንዝ ደጋ ውርጭ የሚጠነክረውም በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ነው፤ ወደ ጀማ ሸለቆ ለወረደው የመርሐቤቴ ሰው ግን ውርጩም አይደርስለትም። ስለዚህ ፍሬሙን አራርቆ ነፋስና ብርሃን በሚያገኘው ስፍራ መስቀል፣ ወይም ዘግቶ በድኝ ማጠን ግድ ይሆናል።

የመንዝ ሰው ግን ለነገ ብሎ መጠበቅን ከፍሬም አልተማረም። የመንዝ አቅኚ አባቶች የሚባሉት የአስቦና የጌራ ዘሮች ከ3,200 ሜትር በላይ ያለውን የጓሳ ሣር በአጽመ ርስት ሥርዓት ከ3 እስከ 5 ዓመት ዘግተው፣ ጊዜው ሲደርስ ለአጨዳና ለግጦሽ ይከፍቱት ነበር፤ ያ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. በመሬት አዋጁ ሲፈርስ ጓሳው እንዴት እንደተራቈተ አይተዋል። ይህን ያየ ሕዝብ፣ ባዶ እንጀራ ያለ ጠባቂ ክረምቱን አይወጣም ቢሉት ምክንያቱን አይጠይቅም።