የስጋት ንጽጽር፦ መንግሥት ከየትኛው ጉዳት ይጀምር?

እ.ኤ.አ. በ1986 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ኃላፊ የነበሩት ሊ ቶማስ ለራሳቸው መሥሪያ ቤት የማይመች ጥያቄ አነሡ። ኤጀንሲው ከተቋቋመ 15 ዓመት አልፎታል፤ በሕግ ላይ ሕግ ተደርቧል፤ ገንዘቡም በየዓመቱ ይወጣል። ለመሆኑ የሚወጣው የከፋ ጉዳት በሚያደርሰው ነገር ላይ ነው? ይህን እንዲመልሱ ወደ 75 የሚሆኑ ነባር ባለሙያዎችና ኃላፊዎች ተሰብስበው 31 የአካባቢ ችግሮችን እንዲያበላልጡ ታዘዙ። ሥራቸው በ1987 ታተመ፤ ርእሱ «ያላለቀ ሥራ» እንደማለት ነው።

ይህ ዓይነቱ ሥራ በእንግሊዝኛ ኮምፓራቲቭ ሪስክ አሴስመንት ይባላል። በአማርኛ «የስጋት ንጽጽር» ብንለው ይበቃል፤ በጥናት ወረቀት ላይ ሙሉ ስም ካስፈለገ «ንጽጽራዊ የስጋት ምዘና» ይሆናል። ስጋት በዚህ ትርጉሙ እንግዳ አይደለም፤ የአገራችን የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በስሙ ይዞታል። አደጋ ሊጎዳ የሚችለው ነገር ራሱ ነው። ስጋት ደግሞ ያ ነገር ሰው ጋ የመድረስ ዕድሉና ሲደርስ የሚያስከትለው ጉዳት አንድ ላይ ሲታሰቡ ነው። በርሜል ውስጥ የታሸገ መርዝ ምንጊዜም አደጋ ነው፤ በርሜሉ ካላፈሰሰና አጠገቡ የሚኖር ከሌለ ግን ስጋቱ አነስተኛ ነው።

ባለሙያዎቹ ያወጡት ዝርዝር አንድ አልነበረም፤ አራት ነው፦ ካንሰር፣ ከካንሰር ውጭ ያለ የጤና ጉዳት፣ በተፈጥሮ ላይ የሚደርስ ጉዳት፣ በንብረትና በኑሮ ላይ የሚደርስ ኪሳራ። አራቱን አልደመሯቸውም። የአንድ ሐይቅ መበከል የስንት ሰው አስም ያህል እንደሚከብድ የሚነግር ሚዛን ከየት ይመጣል? መረጃ በጎደለበት ቦታ ሁሉ የሞሉት በሙያ ግምት ነበር፤ ይህንንም በግልጽ ጽፈዋል። እንደ እኔ ከሆነ የሰነዱ ትልቁ ክብር ይህ ግልጽነቱ ነው።

ውጤቱ አስደንጋጭ ነበር። በ1978 በኒውዮርክ ግዛት ናያጋራ ፎልስ ከተማ፣ ሎቭ ካናል በተባለ ሰፈር፣ የኬሚካል ቆሻሻ በተቀበረበት መሬት ላይና ዙሪያ መኖሪያ ቤትና ትምህርት ቤት መሠራቱ አገሩን አናውጦ ነዋሪዎች ከቤታቸው እንዲወጡ ተደርጎ ነበር። በ1980 የተበከሉ ቦታዎችን ለማጽዳት «ሱፐርፈንድ» የተባለው ሕግ ወጣ፤ ብዙ ገንዘብም ተከተለው። በባለሙያዎቹ ንጽጽር ግን እንዲህ ያሉ የቆሻሻ ቦታዎች ከመካከለኛ እስከ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ወደቁ። ከፍ ያለ ደረጃ የያዙት የቤት ውስጥ አየር ብክለት፣ ሬዶን የተባለው ጋዝ፣ ፀረ ተባይ መድኃኒት፣ የኦዞን መሳሳት የመሳሰሉት ሲሆኑ መሥሪያ ቤቱ ለእነዚህ የሚያውለው ጉልበት ጥቂት ነበር። የኤጀንሲው ቅደም ተከተል ከባለሙያዎቹ ግምት ይልቅ ከሕዝብ አስተያየት ጋር እንደሚቀራረብ ሰነዱ ራሱ አምኗል።

ሬዶንን እንይ። በአፈርና በዓለት ውስጥ ካለ ዩራኒየም የሚወጣ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ነው፤ በመሠረት ስንጥቅ ገብቶ በምድር ቤት ይከማቻል። ኤጀንሲው በአሜሪካ በዓመት ወደ 21,000 የሚጠጉ የሳንባ ካንሰር ሞቶችን ከእሱ ጋር ያያይዛል። ታዲያ ሰልፍ ለምን አይወጣበትም? የሚከሰስ ፋብሪካ የለውማ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከ2016 ጀምሮ የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ሲሸጥ የሬዶን ምርመራ ግዴታ ሆኗል። ቤዝመንት የሚከራይ ሰው ይህን ጋዝ በስሙ ቢያውቀው አይከፋም፤ መለኪያው ርካሽ ነው።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «ሕዝቡ ሳያውቅ ይጮኻል፣ ባለሙያው ያውቃል» ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ የሚያሳስተውም እዚህ ላይ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፖል ስሎቪክ በዚያው በ1987 ሳይንስ በተባለው መጽሔት እንዳስረዱት፣ ተራው ሰው ስጋትን ሲመዝን የሞተውን ቁጥር ብቻ አይቆጥርም። ጉዳዩ የሚያስፈራ ነው? አዲስና ያልታወቀ ነው? ወድጄ የገባሁበት ነው ወይስ ሌላ ሰው የጫነብኝ? ብሎ ይጠይቃል። እነዚህ የሞኝ ጥያቄዎች አይደሉም።

የአገር ድምርም የሚሰውረው ነገር አለ። በቆሻሻ ቦታ አጠገብ የሚኖረው ሕዝብ ጥቂት ስለሆነ በጠቅላላው ስሌት ደረጃው ዝቅ ይላል፤ እዚያ ለሚኖረው ቤተሰብ ግን ጉዳቱ ሙሉ ነው። እንደገና በ1987፣ የተባበረችው የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የዘር ፍትሕ ኮሚሽን ባወጣው ጥናት፣ በአሜሪካ የአደገኛ ቆሻሻ ማስወገጃ ድርጅቶች የት እንደሚቀመጡ ከሁሉ በላይ የሚጠቁመው የነዋሪው ዘር መሆኑን አሳየ። የባለሙያዎቹ አራት ዝርዝሮች ይህን የሚያስገቡበት ዓምድ አልነበራቸውም። ቆየት ብሎ እንደ ቬርሞንትና ዋሽንግተን ያሉ ግዛቶች የራሳቸውን ንጽጽር ሲሠሩ ተራ ዜጎችንም በጉዳዩ አሳትፈዋል።

ሌላው መጠንቀቂያ፦ ንጽጽሩ የሚመዝነው ቁጥጥሩ እየተሠራ የቀረውን ስጋት ነው። አንድ ችግር ዝቅተኛ ደረጃ ያገኘው እየተጠበቀ ስለሆነ ሊሆን ይችላል፤ «ደረጃው ዝቅ ብሏልና በጀቱን እንንሣው» የሚል ሹም ችግሩን መልሶ ይጠራዋል።

ዘዴው በዓለም ደረጃ የተስፋፋው በ2002 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያ ዓመት ሪፖርቱ 26 የስጋት ምክንያቶችን አነጻጸረ፤ መለኪያው በሕመምና ያለዕድሜ በመሞት የጠፋ ጤናማ ዓመት ነው። ከመጀመሪያዎቹ አሥር መካከል የማገዶ ጭስ ነበረበት። እኛ ዘንድ እንጀራ የሚጋገርበትን ጎጆ የሚሞላው፣ እናትና በጀርባዋ ያለው ሕፃን የሚተነፍሱት ጭስ ማለት ነው። በ2020 በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ድርጅቱ ይገምታል።

ደረጃ መያዝ ግን ባለቤት ማግኘት አይደለም። ያላለቀ ሥራ የተባለው ሰነድ እንዳመለከተው፣ ኤጀንሲው በቤት ውስጥ አየር ላይ ጥቂት የሠራበት አንዱ ምክንያት ሕግ የሰጠው ሥልጣን ትንሽ መሆኑ ነው። የምድጃ ጭስም እንዲሁ በጤናው፣ በኢነርጂው፣ በደኑና በቤቶች ሥራ መካከል ይወድቃል፤ ስጋቱን ያነጻጸረ መንግሥት ቀጥሎ የሚጠብቀው ጥያቄ ጭሱ በየትኛው መሥሪያ ቤት የሥራ ዕቅድ ላይ ይጻፍ የሚለው ነው።